ጠገራ ብርና ዋሱ፤ የብር ልውውጥ በምዕራብ ወሎ ደጋ

የኢትዮጵያን የገንዘብ ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን ብሩ በየትኛው አገር እንደ ተቀረጸ፤ በየትኛው ወደብ እንደ ገባና በየትኛው ዐዋጅ እንደ ተሻረ ነው። ብሩን በእጁ የተቀበለውን ባላገር ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነበር። ይኸውም ያንን ብር ከማን እጅ፤ በምን ስፍራና በማን ፊት ቢቀበለው ሳይጎዳ እንደሚቀር ማወቅ ነው። አንድ ሐሰተኛ ብር ለባለጸጋ ነጋዴ የአንድ ቀን ኪሳራ ነው፤ በሬውን ሸጦ ግብር ለሚከፍል ገበሬ ግን የወራት ድካም ነው። አዲስ ገንዘብ በመጣ ቍጥር ባላገሩ አልቀበልም ማለቱን ብዙዎች የውጭ ጸሐፊዎች ከአላዋቂነትና ከልማድ ቈጥረውታል፤ ካገራችንም ሰዎች ይህንኑ ቃል የደገሙ አልጠፉም። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ግን እምቢታው ሒሳብ የነበረው መሆኑ ይታያል።

ይህን ለመመርመር ምዕራባዊው የወሎ ደጋ የተመቸ አገር ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኩታበር ወደ ተንታና ወደ መቅደላ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ከደሴ ወደ እርሷ ሲኬድም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1878 ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳ ይገኛል። (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወደ ምዕራብ በወንዞች የተቈራረጠው ደጋ እስከ ቦረና ድረስ ይዘልቃል፤ የቦረና ከተማ መካነ ሰላም ናት፤ ከዚያም ወዲያ የዓባይ ሸለቆ፤ ከሸለቆው ማዶ ጎጃም ነው። በዚህ አገር ከተማ የሚባል ጥቂት፤ የሳምንት ገበያ ግን ብዙ ነበር። የሲራራ ነጋዴ ከጎጃም ወደ ምሥራቅ፤ ከቈላው ወደ ደጋው ሲመላለስ የሚያልፍበት ምድር እንደ መሆኑ መጠን ብር ይገባበታል፤ ይወጣበታልም። ነገር ግን ብሩን የሚመረምር ሹም ወይም ሐሰተኛውን የሚለውጥ ባንክ በየገበያው አልነበረም።

ጠገራ ብር ወይም ማርያ ትሬዛ የሚባለው ገንዘብ በኦስትሪያ ነገሥታት ግዛት ከ1741 ጀምሮ የተቀረጸ ነው። እቴጌ ማርያ ትሬዛ በ1780 ካረፉ በኋላም መልኩና የዓመቱ ቍጥር ሳይለወጥ መቀረጹ ቀጠለ፤ ስለዚህ 1780 የሚለው ቍጥር የትውልድ ዘመኑን ሳይሆን የመልኩን ዐይነት የሚያመለክት ሆኖ ቀረ። ክብደቱ 28.07 ግራም ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር፤ ቀሪው መዳብ ነው። በአንዱ ጠገራ ውስጥ እንግዲህ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይገኛል። በ1858 ኦስትሪያ ራስዋ ይህን ገንዘብ ከሕጋዊ መገበያያነት ሻረችው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ይህን ብር ተቀበሉ ብሎ በሕግ የሚያስገድድ የባለቤትነት መንግሥት አልነበረውም ማለት ነው፤ ሆኖም በቀይ ባሕር ዙሪያና በኢትዮጵያ ደጋዎች ሲዘዋወር መቶ ዓመት ያህል ኖረ። ስለዚህ ነገር በአውሮፓ መጻሕፍት ሲደጋገም የቈየ አንድ ተረት አለ፤ ሰዎቹ ብሩን የወደዱት የእቴጌዪቱ ደረት ስለማረካቸው ነው ይላል። ይህ የእራት ጨዋታ እንጂ ታሪክ አይደለም።

እውነተኛው ምክንያት በብሩ ላይ ለሚመረመር ዐይን ተጽፎ ይገኛል። በአንድ ገጹ የእቴጌዪቱ መልክ የሐዘን ሻሽ እንደ ተከናነበች ተቀርጿል፤ በትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ዘጠኝ ዕንቍ አለው፤ ከመልኩ በታች ደግሞ የቀረጹት ባለሙያዎች ስም መነሻ የሆኑ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታያሉ። በሌላው ገጽ ባለ ሁለት ራሱ ንስር አለ። በጠርዙ ዙሪያ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ትርጓሜ ያለው የላቲን ቃል ጐላ ብሎ ተቀርጿል። ባላገሩ ላቲን አያነብም፤ ነገር ግን ዕንቍ መቍጠር፤ ሁለቱን ፊደላት ከሚያውቃቸው ጋር ማስተያየትና ጠርዙን በጥፍሩ መዳሰስ ይችላል። የጠርዙ ጽሕፈት ሳይጎድል ከተገኘ ማንም ዙሪያውን ፍቆ ብሩን አልሰረቀም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብሩን በድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ ጥሩ ብር ይጮኻል፤ እርሳስ የገባበት ግን ይደነቍራል። በ19ኛው መቶ ዓመት ያለፉ ተጓዦች ባላገሩ ዕንቍ እየቈጠረና ብሩን እያገላበጠ ሰዓት እንደሚያጠፋባቸው በምሬት ጽፈዋል። ምሬታቸው እውነት ነው፤ ግን ያ ሰዓት የጠፋ ሰዓት አልነበረም። ባንክ በሌለበት አገር እያንዳንዱ ሻጭ ለራሱ መርማሪ መሆን ነበረበት።

እንግዲህ የመልኩ አለመለወጥ ያስገኘው ጥቅም ይህ ነው፤ ምርመራው ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ቻለ። መልኩ በየዘመነ መንግሥቱ ቢለዋወጥ ኖሮ አባት ለልጁ ያስተማረው ምልክት በሚቀጥለው ንጉሥ ዘመን ከንቱ በሆነ ነበር። የተፋቀ፤ መልኩ የጠፋ ወይም ለአንገት ጌጥ የተበሳ ብር በገበያ የሚናቀውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ብሩ ቢኖርም ምልክቱ ጎድሏል።

ይሁን እንጂ ዐይንና ጆሮ ብቻቸውን አይበቁም። በደንብ የተሠራ ሐሰተኛ ብር ዕንቍው ዘጠኝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ባላገሩን የሚያድነው ሌላው መሣሪያ በሀገሩ የመሸጥና የመግዛት ሥርዓት ውስጥ የኖረው ዋስ ነው። በሬ ወይም በቅሎ የሚሸጥ ሰው ሻጩን የሚያውቅ እማኝና ዋስ ይቈጥራል፤ ከብቱ የሌባ ሆኖ ቢገኝ ገዢው ሻጩን ይጠራል፤ ሻጩ ቢጠፋ ዋሱ ይያዛል። ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና መግዛት በሚናገርበት ክፍሉ ነውር ያለበትን ዕቃ ስለ መመለስ ይደነግጋል፤ የሸሪዓ ሊቃውንትም «ዐይብ» በሚሉት አንቀጽ ስለዚሁ ጉዳይ በሰፊው ያስተምራሉ። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ በሚውሉበት በወሎ ሁለቱ ሕግጋት በዚህ ነጥብ መገናኘታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ገንዘቡ ራሱ እንደ በሬው ሁሉ «ዕቃ» ነበር፤ ሰጪው የሚታወቅ ከሆነ ሊመለስለት ይችላል። በዚህ ዐይን ሲታይ ብርን ያለ ስጋት መቀበያው ስፍራ ታላቁ ገበያ ሳይሆን ሰጪው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ የሚገኝበት ገበያ ነው። እንግዳ ነጋዴም ቢሆን በአገሩ ሰው ቤት ያርፋል፤ ስለ እርሱ የሚጠየቀውም ያሳደረው ባለቤት ነው። የገበያው ሹም ነጋድራስ በሚገኝበት ስፍራ ክርክሩ በእርሱ ፊት ይቀርባል፤ በሌለበት ስፍራ ግን የባለቤቱ ስም ብቻውን ዳኛ ነው።

ከዋሱ ቀጥሎ የሚጠቀሰው አንጥረኛው ነው። የብር ሠሪ ሚዛን በአገራችን የተመሠረተው በጠገራው ላይ ነበር፤ ወቄት የሚባለው ሚዛን ከአንድ ጠገራ ብር ክብደት ጋር አንድ ሆኖ ተወስዷል። አምባር፤ አልቦ፤ ድሪ ወይም መስቀል ማሠራት የሚፈልግ ሰው ብሮቹን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ አንጥረኛው አቅልጦ ይሠራል፤ ጌጡም በተራው በብር ተመዝኖ ይረከባል። በዚህ ረገድ በጃማ ንጉሥ፤ በገታና በዳና የመሰሉ የትምህርት ማእከሎች ባሉበት በወሎ የእስልምና ሕግ ትምህርት አንድ ጥብቅ ደንብ ጨምሮበታል። ብር በብር ሲለወጥ ሚዛኑ እኩል፤ ልውውጡም በዚያው ጉባኤ እጅ በእጅ መሆን አለበት፤ በአንዱ ወገን መጨመር ወይም ለነገ ማቈየት አራጣ ነው። ስለዚህ የአንጥረኛው የእጅ ዋጋ ከብሩ ሚዛን ተለይቶ መነጋገሪያ መሆን ይገባዋል ማለት ነው። ይህ ደንብ የተነሣው ከአምልኮ ነው፤ በገበያ ላይ ግን ውጤቱ ግልጽ ነው። ሚዛኑና የእጅ ዋጋው ከተለያዩ የተሰረቀ ብር በ«ድካሜ ነው» መጋረጃ ሊሸፈን አይችልም። ዛሬም ቢሆን የብር ጌጥ የሚገዛ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር አያገኝም።

ለጥቃቅኑ ግዢ ጠገራው እጅግ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ከአፋር በረሓ የሚመጣው አሞሌ ጨው የብሩ ዝርዝር ሆኖ አገልግሏል፤ የአሞሌው ቍጥር ጨው ከሚወጣበት ስፍራ በራቁ ቍጥር እያነሰ ይሄዳል፤ በክረምትና በበጋም ይለያያል። ኋላም የውጅግራ ጥይት ከአሞሌው ጋር በዝርዝርነት ገባ። አሞሌ ሲሰበር ዋጋው ይወድቃል፤ ጥይትም ቢሆን ባሩዱ የደረቀ መሆኑ አይታወቅም። ጠገራ ብር ግን በማድጋ ተደርጎ ከመሬት ቢቀበር ከልጅ ልጅ ይደርሳል። ለደኅንነት ወደ ገዳምና ወደ ታመነ ሽማግሌ በአደራ መስጠትም የታወቀ ልማድ ነበር። የብሩ ክፉ ጎኑ ክብደቱ ነው፤ 1,000 ብር 28 ኪሎ ይመዝናል፤ በበሽሎ አቀበት ላይ ይህን ጭኖ የሚሄድ ሰው ምን እንደ ያዘ ሽፍታ ከሩቅ ያውቃል።

በዚህ አገር የብር ታሪክ ትልቁ ድንጋጤ የመጣው በ1867 እና በ1868 ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት በናፒየር አዛዥነት ጦር ሲልክ ስንቅ፤ ግጦሽና የጭነት እንስሳ በመንገድ እየገዛ ማለፍ ነበረበት። የሚገዛበት ገንዘብ የትኛው እንደ ሆነ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ብቻ ሆነ፤ 1780 የተጻፈበት ማርያ ትሬዛ። በዓለም ላይ ያን ያህል ብር ተሰብስቦ ስላልተገኘ ለቪየና ማተሚያ ትእዛዝ ተላለፈ፤ ለዘመቻው የተዘጋጀውም ብር ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ ነበር። ክብደቱ ቢሰላ ከ110 ቶን በላይ ነው። የዘመኑ ኀያል መንግሥት የገዛ ንጉሣዊ ገንዘቡን ትቶ የሌላ አገር እቴጌን መልክ በጭነት ማምጣቱ የደጋው ገበሬ ምርመራ ምን ያህል ኀይል እንደ ነበረው ያሳያል። ለንደን ያሉት ባለሥልጣኖች ዕንቍ መቍጠርን ከትግሬና ከላስታ ገበሬ ተማሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መቅደላ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዕለት ራሳቸውን ሠዉ። በአምባው ላይ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተሰብስቦ የተከማቸ መጽሐፍ፤ መስቀል፤ ጽዋና ልዩ ልዩ የብርና የወርቅ ዕቃ ነበር። ጦሩ ይህን ዘርፎ በሽሎን ተሻግሮ በደላንታ ሜዳ ላይ ኤፕሪል 20 እና 21 ቀን በሐራጅ ሸጠው፤ ከሽያጩ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። ይህ ሐራጅ ስለ ሙዚየሞችና ስለ ቅርስ ሲጻፍ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ከገበያ ሥርዓት አንጻር ግን ያልታየ ነገር አለበት፤ ብዙ ብር በአንድ ሜዳ ላይ ሲሸጥ ዋስ ያልተጠራበት፤ ሻጩን መልሶ ለመጥራትም የማይቻልበት ገበያ ነበር። ከኩታበር ብዙም በማይርቅ አገር ማንኛውም በቅሎ ገዢ ይህ በቅሎ የማን ነበር ብሎ ሲጠይቅ፤ በደላንታ ሜዳ የጽዋውን ባለቤት የጠየቀ አልተገኘም። ክርክሩ እስከ ዛሬ ያልተዘጋውም ስለዚሁ ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ባወጡት ዐዋጅ የራሳቸውን ገንዘብ መሠረቱ። አክሱም ገንዘብ መቅረጽ ካቆመች ከሺህ ዓመት በላይ አልፎ ነበር፤ ከሐረር ጥቃቅን ገንዘብ በቀር በመካከሉ የተቀረጸ የለም። አዲሱ ብር በፓሪስ ተቀረጸ፤ በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፤ በሌላው በኩል አንበሳ አለበት፤ ከመጀመሪያዎቹም ላይ የሚነበበው ዓመት በኢትዮጵያ አቈጣጠር 1887 ነው። ክብደቱ ከጠገራው ጋር አንድ ያህል፤ የብሩ ጥራትም ከ1000 እጅ 835 ነበር። በብረቱ ብቻ ቢታሰብ የምኒልክ ብር ከማርያ ትሬዛ አያንስም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይበልጣል። ሆኖም በብዙ ጠቅላይ ግዛት ገበያዎች ሰዎች ጠገራውን ማስቀደማቸውን አልተዉም። አንዳንዶች ይህን ለንጉሠ ነገሥቱ ካለመታዘዝ ይቈጥሩታል። ምክንያቱ ግን ከዚህ የቀለለ ነው። ከባሕር ዳርቻ የመጣው ነጋዴ ቡናውን፤ ቈዳውንና ዝባዱን የሚገዛበት ገንዘብ ጠገራው ነበር፤ የምኒልክ ብር ከኢትዮጵያ ድንበር ሲያልፍ ብረቱ እንጂ ስሙ አያልፍም። የሲራራ ነጋዴ የሚናቅበትን ገንዘብ ደግሞ ከሲራራ ነጋዴ የሚቀበል ገበሬ ምን ያደርገዋል? ከዚህም ጋር የተማረው ምልክት ሁሉ፤ ዕንቍውም፤ ሁለቱ ፊደላትም፤ በአዲሱ ብር ላይ አልነበሩም። ዝርዝሮቹ አላድ፤ ሩብና ተሙን ግን የሚያስፈልግ ጉድለት ሞልተዋል፤ አሞሌ ተሸክሞ ከመዞር ሩብ ይዞ መዞር ይሻላልና።

የባንክ ነገር በአጭሩ ሊነገር ይችላል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1905 በተሰጠው የ50 ዓመት ፈቃድ በ1906 በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ በ1915 የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ወረቀቱ ለአምጪው በብር የሚመነዘር ነው፤ ነገር ግን ለኩታበር ሰው መመንዘሪያው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዲስ አበባ ነበር። በ1931 የኢትዮጵያ ባንክ ሲተካው ቅርንጫፍ ከተከፈተባቸው ከተሞች አንዷ ደሴ ሆነች። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ከኩታበር ተነሥቶ በአንድ ቀን ተደርሶ ብር በሹም ፊት የሚለወጥበት ስፍራ ተገኘ። ዕድሜው ግን አምስት ዓመት አልሞላም።

ኢጣሊያ ለወረራው ስትዘጋጅ የጠገራውን ጉልበት አሳምራ ታውቅ ነበር፤ በ1935 ከኦስትሪያ መንግሥት ጋር ተዋውላ የመቅረጫውን ቅርጽ ለ25 ዓመት ወሰደችና በሮም ማተም ጀመረች። እንግሊዞችም ንግዳቸው እንዳይሰናከል ከ1936 ጀምሮ በለንደን አስቀረጹ፤ ፓሪስና ብራስልስም ተከተሉ። በዚህ ጊዜ እውነተኛ ጠገራ የሚባለው የትኛው ነው? በብረት ሁሉም እውነተኛ ናቸው፤ ባለቤቱ ግን ከቶ አይታወቅም። አዲስ አበባ በሜይ 1936 ከተያዘች በኋላ የጠላት መንግሥት ሊሬን በዐዋጅ አስገብቶ አንዱን ጠገራ በ5 ሊሬ አስተመነ። ሕዝቡ ወረቀቱን ስላልተቀበለ ዋጋው ከፍ እንዲል ተገደደ፤ በስውር ገበያ ደግሞ ከዚያም በላይ ሄደ። ለጋሹን የማይታወቅ ወረቀት በጠብመንጃ ፊት መቀበል ማለት በዚህ ደጋ የታወቀውን የገበያ ሥርዓት ሁሉ መገልበጥ ነው። ብሩ ወደ ማድጋው ተመለሰ፤ አርበኞችም የሚገዙትን ጥይትና እህል በእርሱ ገዙ፤ በ1940 እና በ1941 እንግሊዞች ለአርበኞች ርዳታ ሲልኩ ከላኩት ጭነት አንዱ ጠገራ ብር ነበር።

ከድል በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ ለጥቂት ዓመት ሠራ፤ በጁላይ 1945 ደግሞ የኢትዮጵያ ብር በዐዋጅ ተመሠረተ፤ ጠገራውም ሕጋዊነቱን አጣ። በዚህ ላይ ትንሽ መቈየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ባላገሩ በአላዋቂነት የተከሰሰበት ዋነኛው ጊዜ ይህ ነው። የአዲሱ ገንዘብ ከፍተኛ ሳንቲም 50 ሳንቲም ነበር፤ ከብር የተሠራ፤ ክብደቱ 7.03 ግራም፤ ጥራቱ በመጀመሪያው እትም ከ1000 እጅ 800። ሁለቱ ባንድነት አንድ ብር ይሆናሉ። ሒሳቡን ማንም አንጥረኛ ይሠራዋል፤ በሁለቱ ሳንቲሞች ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 11.2 ግራም ያህል ነው። በአንዱ ጠገራ ውስጥ ግን 23.4 ግራም አለ። ስሙ ብር፤ ይኸኛውም ብር፤ ብረቱ ግን ከግማሽ ያነሰ ነው። ጠገራውን አስረክቦ በምትኩ አንድ አዲስ ብር ብቻ የሚቀበል ሰው ከሀብቱ ግማሹን በፈቃዱ ይጥላል። በዚህ ምክንያት ገበሬው ማድጋውን ሳይከፍት ቢቈይ በአንጥረኛው ሚዛን እንጂ በጨለማ አልነበረም። በቋንቋችን ብር ማለት ብረቱም ገንዘቡም መሆኑ ነገሩን ለመንግሥት አስቸጋሪ አድርጎታል፤ በእንግሊዝኛው የዐዋጅ ቃል ገንዘቡ «ዶላር» እየተባለ እስከ 1976 ሲቈይ፤ በአማርኛው ግን አሮጌውና አዲሱ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር።

ባላገሩ ስለ አዲሱ ሳንቲም ያደረበት ጥርጣሬም ከንቱ አልነበረም። ከ50 ሳንቲሙ ጋር አብሮ የወጣው የ25 ሳንቲም መዳብ በስፋቱ ከብሩ 50 ጋር ይመሳሰል ነበር፤ አታላዮች መዳቡን በብር እየለበጡ በእጥፍ ዋጋው ማሳለፍ ጀመሩ። መንግሥት በ1952 ገደማ የ25 ሳንቲሙን ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል የተሸነሸነ በማድረግ በሽታውን ዐዳነው። የመድኀኒቱ ዐይነት ልብ ይሏል፤ ሕግ ከማጥበቅ ይልቅ በጣት የሚዳሰስ ምልክት ተሰጠ። የጠገራው ጠርዝ ጽሕፈት ሲሠራ የኖረውም ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠገራ ብር ከገንዘብነት ወደ ዕቃነት ተሸጋገረ። ዛሬ የሚሸጥባቸው ስፍራዎች የሰኞው የባቲ ገበያ፤ የደሴ አንጥረኞችና በአዲስ አበባ የመርካቶና የፒያሳ ብር ቤቶች ናቸው። የሚገዛው ሰው ሁለት ነገር መለየት ይኖርበታል። የመጀመሪያው ጥራቱ ነው፤ ለዚህ ዕንቍው፤ ጠርዙ፤ ድምፁና 28 ግራም የሚሆነው ክብደት እስካሁን ይበቃሉ። ሁለተኛው ዕድሜው ነው፤ በዚህ ላይ ግን የተጻፈው ዓመት ምንም አይረዳም። ቪየና የ25 ዓመቱ ውል ካለቀ በኋላ ከ1961 ጀምሮ በዚያው በ1780 ቍጥር መቅረጽ ቀጥላለችና ያለፈው ወር የተቀረጸ ብርና መቅደላ የደረሰ ብር አንድ ዓመት ይናገራሉ። ስለ አሮጌነቱ ብዙ ዋጋ የሚጠይቅ ሻጭ ሲያጋጥም እንግዲህ ጥያቄው እንደ ጥንቱ ብሩ ከማን ቤት ወጣ ወደሚለው ይመለሳል። በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ስለሚከለክል፤ የብር መስቀልም ሆነ የቀድሞ ገንዘብ ይዞ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የመጣበትን ማስረዳት ይጠቅመዋል። ይህም በአዲስ ልብስ የተመለሰው ዋስ ነው ሊባል ይቻላል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ዕድሉ የተገለበጠው የተበሳው ብር ነው። በገበያ ላይ ምልክቱ ስለ ጎደለ ነጋዴ ሲመልሰው፤ ዋጋው ሲቀነስበት ኖረ፤ ከሙሽራ አንገት የወረደው ብር ለግብር ክፍያ ሲወጣ የባለቤቱ ጭንቀት ይህ ነበር። አንጥረኛው ዘንድ ግን ቀዳዳው ከሚያጎድለው ጥቂት ክብደት በቀር ሌላ ነውር አልተቈጠረበትም። አሁን በባቲና በደሴ ሙሉው ጠገራና ቀለበት ተበይዶበት ከድሪ የወረደው ብር ጎን ለጎን ተዘርግተው ሲሸጡ፤ ብዙ ጊዜ ገዢ አስቀድሞ እጁን የሚሰድደው ወደ ተበሳው ነው።